ቁልፍ አልባው ወረፋ

ሚዛን ተፈሪ
ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? የአዲስ አበባ ክረምት እንዴት ይዞሻል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳልስ ተሻለሽ ወይ? ይህን የምጠይቅሽ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ መጀመር ነውር ነው ተብለን ስላደግን ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሳልሽ ባይሻልሽም አይከፋኝም። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ እንደምታውቂው ነው። ከሰኔ ወዲህ ፀሐይ የወጣበት ቀን በጣት ይቆጠራል፤ የቢሯችን ጣሪያም በአንቺ ወንበር በኩል ማፍሰስ ጀምሯል።

እናትሽ ደህና ናት። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘችኝና ክንዴን ይዛ፣ «ላንቺስ ትደውልልሻለች አይደል? እኔ ላይ ሥራ በዝቶብኛል እያለች ቶሎ ትዘጋለች» አለችኝ። «በየቀኑ ነው የምትደውልልኝ» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ ግን ይኸው ከወር አለፈሽ፤ የምልክልሽንም መልእክት አታነቢውም። በወረቀት ጽፌ በአክስትሽ ልጅ እጅ የላክሁልሽ ለዚህ ነው። እሱ ፊትሽ ቆሞ እያየሽ ሳትከፍቺው መቅረት ከቻልሽ፣ ያኔ እኔም ስለ አንቺ የቀረኝ ጥርጣሬ የለም።

የምታውቂውን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ። የምታውቂው ነገርና ለአጣሪ ኮሚቴው በስልክ የተረክሽው ነገር ስለማይገናኙ ነው።

የበጎ አድራጎት ማኅበሩ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉን ሲከፍት ሁለታችንም በአንድ ቀን ተቀጠርን። ከሸኮ፣ ከቴፒ፣ ከጌጫ ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በስልካቸው አጭር መልእክት ይልካሉ። ፕሮግራማችን ይቀበላል፣ መልእክቱን ወረፋ ያስይዘዋል፣ ለላኪዋ «ጥሪዎ ተመዝግቧል፤ አምቡላንስ ይላካል» ብሎ ይመልሳል። በሌላው ጫፍ ሱሀይብና ሁለቱ ተረኞች በየኮምፒውተራቸው ሆነው ከወረፋው ራስ አንድ አንድ እያወጡ ሾፌር ያሰማራሉ። ሥራው ይኸው ነበር።

ወረፋውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ባለቁልፍ አድርጌ። የሚያስገባውም ሆነ የሚያወጣው የፕሮግራሙ ክፍል መጀመሪያ ቁልፉን ይይዛል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ቁልፉን ይለቃል። እስከዚያ ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት እጅ ባንዴ ወረፋው ውስጥ አይገባም። በቀን አርባ መልእክት ለሚመጣበት ቢሮ ይህ ከበቂም በላይ ነበር።

ጥፋት አልነበረውም አልልም። የካቲት ላይ ያን ማክሰኞ ታስታውሺዋለሽ። አንዱ ክፍል ቁልፉን እንደያዘ ለላኪዋ መልስ ለመላክ ኔትወርክ መጠበቅ ጀመረ፤ ኔትወርኩ ጠፋ፤ እሱ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ፣ ሌላው ሁሉ ደጅ ቆመ። አሥራ አንድ ደቂቃ። የማንም ሕይወት አልጠፋም፣ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ያን ቀንም ብያለሁ። መፍትሔው አንድ መስመር ከቦታዋ ማንሳት ነበር፤ መጀመሪያ ቁልፉን ልቀቅ፣ ከዚያ መልስ ላክ። ሻይ እየጠጣሁ የምጨርሰው ሥራ ነበር።

አንቺ ግን ለእኔ ሳትነግሪኝ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሕዝቅያስ ዘንድ ገባሽ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቶ፣ ሱሀይብና ሾፌሮቹ ሳይቀሩ በተቀመጡበት፣ ቆመሽ ቁልፍ የድሮ ሰው አሠራር ነው አልሽ። ዓለም ቁልፍ ትቶ ሄዷል አልሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለሽ፣ «እሷ ጎበዝ ናት፣ ግን ፈሪ ናት» አልሽ። ሰዉ ሳቀ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አራት ዓመት ሙሉ ፈተና በደረሰ ቁጥር ደብተሬን ይዘሽ ስትቀመጪ ፈሪነቴ አልታየሽም ነበር።

ሦስት ወር ቁልፍ አልባውን ወረፋ ሠራሽ። ሥራው አያምርም አልልም፤ ያምራል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። እያንዳንዱ ክፍል የሰልፉን መጨረሻ ያያል፣ የራሱን ያዘጋጃል፣ ሊሰካ ሲመጣ «ቅድም ያየሁት እንዳለ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንዳለ ከሆነ ይሰካል፤ ካልሆነ እንደገና ይሞክራል። እንዲያውም አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፤ ያን ኮድ ያነበብሁ ቀን ቀንቼብሻለሁ።

ግንቦት 18 ሰኞ ተመረቀ። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። አንቺ በአዲሱ ቀሚስሽ በር ላይ ቆመሽ ስትቀበያቸው፣ ወደ እኔ መጥተሽ በጆሮዬ፣ «እኔ ከእነሱ ጋር ልሁን፤ አንቺ ሰርቨሩ ላይ ጫኝልኝ» አልሽኝ። ጫንኩት። ከእኔ ኮምፒውተር፣ በእኔ ስም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከዚያ ንግግር አደረግሽ፣ ተጨበጨበ፤ ከእንግዶቹ አንዱ ካርዱን ሰጠሽ። ግንቦት 29 ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አዲሱ ሥራሽ ሄድሽ። ምሳ እንኳ አብረን አልበላንም።

ሰኔ 3 የሆነውን አንቺ ከወሬ ነው የሰማሽው። እኔ እያንዳንዷን ሰዓት ጠይቄ አውቃለሁና ስሚ።

ከሸኮ በላይ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ አንድ ጤና ኬላ አለ። እዚያ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየነች ትባላለች። አምስት ዓመት እዚያ ቆይታለች፤ ሸኮኛም ለምዳለች። በዚያ ቀን ልዩ የምትባል የሰፈሯ ሴት ምጥ ይዟት፣ ደም እየፈሰሳት መጣች። ባሏ ባየና ጎረቤቶቹ ቃሬዛ አዘጋጅተዋል። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በትከሻቸው አድርገው እስከ አስፋልቱ ሊያወርዷት፣ ከዚያ ያገኙት መኪና ላይ ሊጭኗት ነበር። በየነች መልእክት ላከችልን። ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበርና አልሄደም። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ተመለሰ። ተከማችቶ የነበረው ሁሉ፣ የእሷም የሌሎቹም፣ ባንዴ ወረደ። እሷም መልሱ ደረሳት፤ «ጥሪዎ ተመዝግቧል፤ አምቡላንስ ይላካል»።

በየነች ያን አንብባ ወንዶቹን፣ «ከቃሬዛው አውርዷት። በዚህ ዝናብ ካንገላታችኋት ደሙ ይብስባታል። መኪናው ደጃችን ድረስ ይመጣል» አለቻቸው። አወረዷት።

ከሚዛን እዚያ ድረስ ቢዘገይ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ለመደወል ስትሞክር ኔትወርኩ እንደገና ጠፍቷል። ባየ ሦስት ጊዜ እስከ መታጠፊያው እየሮጠ ወርዶ አይቶ ተመለሰ። አሥር ሰዓት ሲሆን ራሱ ቃሬዛውን አነሳ፤ ማንንም አላስፈቀደም። አስፋልቱ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ አገኙ። ሾፌሩ ጆንያዎቹን ገፋ አድርጎ ቦታ ሠራላት፤ በየነች ደሙን በእጇ ይዛ ከኋላ ተቀምጣ መጣች። ልዩ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

በዚያን ሰዓት ሁለቱ አምቡላንሶቻችን ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወቱ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ሱሀይብ ፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ ምንም ጥሪ አልነበረማ።

ጥሪ አልነበረም ስለተባለ አጣሪዎቹ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመሩ፤ በየነችን አገኙ። መልእክት ሳትልክ ልኬያለሁ ብላለች ተባለች። ስልኳን አውጥታ መልሱን አሳየቻቸው። ስልኳ ባትሪው በወጣ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋባት ትንሿ ዓይነት ናት፤ መልእክቱ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት እንኳ ሌላ ነበር። «ይህ የሌላ ቀን መልስ ነው» አሏት። ከሥራ ታገደች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ቃሬዛውን ያስወረደችው እሷ ስለሆነች አያናግራትም። ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ ሴቶቹ ተነስተው ይሄዳሉ አለችኝ። አምስት ዓመት ልጆቻቸውን የከተበች ሴት ናት።

ሐምሌ 3 ኮሚቴው እኔን ጠራኝ። አንቺን በስልክ አስገቡሽ፤ ድምፅሽ ክፍሉን ሞላው። ሰላም እንኳ አላልሽኝም። ሰብሳቢዋ ፕሮግራሙ ላይ ስህተት ሊኖር ይችል እንደሆነ ስትጠይቅሽ፣ ያልሽው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ «እኔ የሰጠሁት ኮድ ንጹሕ ነው። ሰርቨሩ ላይ የጫነችው እሷ ናት፤ ስትጭነው ምን እንደነካካችበት አላውቅም።» ቀጥላ ከምረቃው በፊት ተሞክሮ ነበር ወይ አለችሽ። «አዎ፣ ሁለታችን አብረን ሞክረነዋል» አልሽ።

አብረን አልሞከርነውም። ውሸት ነው ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰብሳቢዋ፣ «እውነት ነው?» አለችኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ዝም ማለቴን ለአንቺ እንደዋልሁት ውለታ እንዳትቆጥሪው። ለአንቺ አልነበረም።

በማግስቱ አቶ ሕዝቅያስ ስህተት ካለ ፈልጊ ብሎ ሰርቨሩን ከፈተልኝ። ከምሳ በፊት አገኘሁት። የበየነች መልእክት መዝገቡ ላይ አለ፤ በሰባት ሰዓት ከሃያ ተቀብለነዋል። ወረፋው ላይ ሲደርስ ነው የጠፋው። እንዴት እንደጠፋም ልንገርሽ፤ ምናልባት እስከ ዛሬ አላወቅሽው ይሆናል። ሜሞሪ ለመቆጠብ ብለሽ መልእክት የሚቀመጥባቸውን ሣጥኖች፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ እንደገና እንዲያገለግሉ አደረግሽ። የበየነችን መልእክት የያዘው ክፍል የሰልፉን መጨረሻ ሣጥን አየ። እሱ ሲዘጋጅ ሌሎቹ ያን ሣጥን ከሰልፉ አውጥተው፣ ባዶ አድርገው፣ ለሌላ ጊዜ አስቀመጡት። ተመልሶ «ያየሁት እንዳለ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አድራሻው ያው ነው፣ ኋላውም ባዶ ነው፤ እንዳለ ነው ተባለ። ሰካው። ከሰልፉ ወጥቶ ከተጣለ ሣጥን ኋላ ሰክቶ፣ ተመዝግቧል ብሎ መለሰላት። በየሣጥኑ ላይ ስንተኛ ጊዜ እንዳገለገለ የሚቆጥር አንድ ቁጥር ብትጨምሪበት ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ሦስተኛ ዓመት ሳለን ተምረነዋል። ያን ቀን አንቺ ቀርተሽ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ግን አለ።

ሱሀይብ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። ሱሀይብ ነገር የሚገባው ሰው ነው። «በሺህ ከሚቆጠር መስመር ውስጥ ቀጥታ እዚያች መስመር ላይ እንዴት ሄድሽ?» አለኝ። ስክሪኑን አጠፋሁት። ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሻይ አብረን አንጠጣም።

የመሞከሪያው ፕሮግራም እኔ ኮምፒውተር ላይ አለ። ስምንት ላኪና ስምንት ተቀባይ በአንቺው ወረፋ ላይ ባንዴ እንዲራኮቱ አድርጌ የጻፍሁት ነው፤ አንድ ሚሊዮን መልእክት ያስገባል፣ የወጣውን ይቆጥራል። ፋይሉ ላይ ቀን አለበት። ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በዚያ ሰዓት አንቺ አቶ ሕዝቅያስ ቢሮ ሆነሽ ለሰኞ ንግግርሽን ትለማመጂ ነበር። ሳቅሽ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ከገባው አንድ መልእክት ጎደለ። እንደገና አስኬድኩት፤ ሁለት ጎደለ። ለማንም ሳልነግር ኮምፒውተሬን ዘግቼ ምሳ ወጣሁ። ሽሮ ነበር የበላሁት። ጥሩ ሽሮ ነበር፤ ጨርሼ በላሁት።

አንቺን ይቅር አልልም። ፈሪ ናት ያልሽኝን፣ በስሜ ያስጫንሽኝን፣ በስልክ የካድሽኝን፣ አንዱንም አልተውልሽም። ከተወለድሁ ጀምሮ እንደ አንቺ የጠላሁት ሰው የለም። ማታ ፀሎት ሳደርግ እንኳ ስምሽ ጋ ስደርስ እዘልለዋለሁ። ይህን እንድታውቂው ፈልጌ ነው።

ከትናንት በስቲያ ሸኮ ወጣሁ። በየነችን ቤቷ አገኘኋት፤ መልእክቷ መዝገብ ላይ እንዳለ ነገርኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ለእነሱ ንገሪያቸው» አለችኝና ጫማዋን አድርጋ ወደ እነ ልዩ ቤት ይዛኝ ሄደች። ከታገደች ወዲህ ያን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ባየ ቡና ሥር አረም ይመነጥር ነበር፤ አይቶን ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ግን ወደ እኛ አልቀረበም። ልዩ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፤ ከእኛ በዕድሜ ታንሳለች። በየነች በሸኮኛ ብዙ ነገረቻት፤ ምን እንዳለቻት አላውቅም። ከዚያ ልዩ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች። «ወረፋዬን ሌላ ሰው ወስዶት ነው አሉኝ። ይሁን። እሱስ ዳነ?»

 ማንም አልወሰደውም ብላት፣ መኪናዎቹ ቆመው ነበር ብላት፣ ያንንም መጽናኛ ልወስድባት ነው። በየነች ጠበቀችኝ። ባየ ጠበቀኝ። ልዩ እንደገና ጠየቀችኝ፤ ያልሰማኋት መስሏት ነው። «ማንም አልወሰደውም» አልኋት። «መኪናው ነበረ። ጥፋቱ የእኛ ነው።» አንገቷን ነቀነቀች፤ ወደ ቤት ገባች። ባየ ገጀራውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በየነች እስከ መንገድ ሸኘችኝ፤ መኪና እስኪመጣ ድረስ አብራኝ ቆመች።

የፊታችን ሰኞ ኮሚቴው እንደገና ይቀመጣል። አንቺንም በስልክ ያስገቡሻል፤ ስለዚህ ድንገት እንዳይሆንብሽ አስቀድሜ ልንገርሽ። የሰኔ 3ን መዝገብ አስገባለሁ፤ በየነች በዚያ ነጻ ትወጣለች። ከዚያ ሌላ ስለ ወረፋው ያለውን ፋይል ሁሉ ጠይቀውኛል፤ ከእኔ ኮምፒውተርም፣ አንቺ ትሠሪበት ከነበረውም። የግንቦት 14ቱንም ሙከራ ከውስጡ አላወጣሁም፣ ቀኑንም አልነካሁትም። እንዳለ በፍላሽ ገልብጬ፣ ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ ዛሬ ጠዋት ለሰብሳቢዋ ጸሐፊ አስፈርሜ ሰጥቻለሁ። እንዳልመልሰው ብዬ ነው ከሰኞ በፊት የሰጠሁት። አንቺ ከፈለግሽ ንጹሕ ነው ማለትሽን ቀጥዪ። አብረን ሞክረነዋል ማለትሽን ግን ተዪው። የሞከረው አንድ ሰው ነው።

እግዚአብሔር እናትሽን በጤና ያቆይልን፤ ደውዪላት። አንቺንም በሄድሽበት ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ፤ ይህን ከልቤ አላልሁትም፣ ግን ጽፌዋለሁና ይድረስሽ። ለእኔ አትጸልዪልኝ። ለልዩ ጸልዪላት፤ በሥጋዋ ገና አልጠናችም።

የቀድሞ እህትሽ